አንብቦ የሚማር ኮምፒውተር ምን ያህል ይታመናል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ኮምፒውተሮች ከድረ ገጽ ጽሑፎች እውቀት ስለሚቀስሙበት መንገድ ከአንባቢያን ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል አምስቱን መርጠን በዚህ እትም መልስ ሰጥተንባቸዋል። ተቀራራቢ ሐሳብ ያላቸውን ደብዳቤዎች በአንድ ጥያቄ ሥር አጠቃለናቸዋል። በመልሶቹ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ነኝ። ኮምፒውተር ጽሑፍን እንደሚያከማችና ቃል ሲሰጡት ፈልጎ እንደሚያወጣ አውቃለሁ። አሁን አሁን ግን «ኮምፒውተሩ አንብቦ ተማረ» ሲባል እሰማለሁ። ከተማ ምን እንደሆነ፣ ደራሲ ምን እንደሚሠራ ማንም ሳያስረዳው፣ ከተጻፈ ዓረፍተ ነገር ውስጥ እውቀትን እንዴት ነጥሎ ሊያወጣ ይችላል?

መልስ፦ ጥያቄዎ የነገሩን ሥር የያዘ ነው። ጽሑፍን ማከማቸትና በጽሑፉ የተነገረውን ነገር ለይቶ መያዝ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። «ፓሪስ» የሚለው ቃል በየትኞቹ ገጾች እንደሚገኝ መናገር የፍለጋ ሥራ ሲሆን፣ ፓሪስ ከተማ መሆኗን፣ የፈረንሳይ መዲና መሆኗንና በሴን ወንዝ ዳርቻ መገኘቷን እያንዳንዱን ለብቻው መዝግቦ፣ ኋላ ሌላ ጥያቄ ሲመጣ እነዚህን አገናኝቶ መልስ መስጠት ግን እውቀት ወደምንለው ነገር የቀረበ ሥራ ነው።

ቀድሞ ይህ ዓይነቱ እውቀት ወደ ኮምፒውተር የሚገባው በሰው እጅ ነበር። አሜሪካዊው ተመራማሪ ዳግላስ ሌናት በ1984 የጀመሩት «ሳይክ» የተባለ ፕሮጀክት፣ ማንኛውም ሰው ሳይነገረው የሚያውቃቸውን ተራ እውነቶች ሳይቀር ባለሙያዎች ለኮምፒውተር በሚገባ ቋንቋ አንድ በአንድ እንዲጽፏቸው ያደረገ፣ ለአሥርት ዓመታት የዘለቀ ትልቅ ጥረት ነው። ሥራው የሚከበር ነው፤ ነገር ግን ዓለም በየቀኑ እየተለወጠ በእጅ የሚጻፍ እውቀት ምንጊዜም ከኋላ መከተሉ አይቀርም። ስለዚህ ሌሎች ተመራማሪዎች ሰዎች ለሌሎች ሰዎች ብለው አስቀድመው ወደጻፉት ጽሑፍ ፊታቸውን አዞሩ።

የመጀመሪያው ቁልፍ የተገኘው በሰዎች የአጻጻፍ ልማድ ውስጥ ነው። ማርቲ ሄርስት የተባሉት ተመራማሪ በ1992 ባቀረቡት ጥናት፣ የአንድን ነገር ዓይነት የሚያጋልጡ ቋሚ አባባሎች በማንኛውም ጽሑፍ ውስጥ ተበትነው እንደሚገኙ አሳዩ። እሳቸው የሠሩት በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ላይ ቢሆንም አካሄዱ በአማርኛም ግልጽ ነው። «እንደ ካይሮ፣ ናይሮቢና ሊማ ያሉ ከተሞች» የሚል ሐረግ የገጠመው ኮምፒውተር ስለ ሦስቱ ስሞች ምንም ባያውቅ እንኳ፣ ሦስቱም ከተሞች ሳይሆኑ እንደማይቀሩ መገመት ይችላል። በከተሞች ፋንታ በሽታዎች፣ ወንዞች ወይም መሣሪያዎች ሲገቡበትም ይኸው የአባባል ማዕቀፍ ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ቀጥሎ የመጣው እርምጃ ማዕቀፎቹን ራሱ ኮምፒውተሩ ፈልጎ እንዲያገኛቸው ማድረግ ነበር። ከጉግል ሁለት መሥራቾች አንዱ የሆኑት ሰርጌ ብሪን በ1998 ያቀረቡት ሙከራ የተነሣው ከአምስት መጻሕፍት ብቻ ነው። ፕሮግራሙ የአምስቱ መጻሕፍት ርዕስና የደራሲዎቻቸው ስም ጎን ለጎን የተጻፉባቸውን ድረ ገጾች ይፈልግና በመካከላቸውና በዙሪያቸው ያለውን አጻጻፍ እንደ ማዕቀፍ ይይዛል፤ በዚያ ማዕቀፍ ሌሎች ርዕሶችንና ደራሲዎችን ያገኛል፤ አዲስ ባገኛቸው ደግሞ ሌላ ማዕቀፍ ይፈልጋል። ይህ ዙር ጥቂት ጊዜ ብቻ ተደጋግሞ ዝርዝሩ ከ15,000 መጻሕፍት አለፈ።

ይህን ሐሳብ ከሁሉ ርቆ የወሰደው በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ቶም ሚቸል የመሩት «ኔል» የተባለ ሥርዓት ነው። ኔል በጥር 2010 ሥራ ጀምሮ ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ እንዲያነብ ተደረገ። መነሻው 500 ሚሊዮን ያህል የእንግሊዝኛ ድረ ገጾች ነበሩ። ተመራማሪዎቹ ከተማ፣ ኩባንያ፣ ስፖርተኛ የሚሉትን የመሳሰሉ የነገር ዓይነቶችንና በመካከላቸው ያሉትን ዝምድናዎች ዘርዝረው፣ ለእያንዳንዱ ከ10 እስከ 15 የሚደርሱ ምሳሌዎችን ሰጡት፤ የቀረውን ራሱ እያነበበ እንዲሞላ ተተወ። ከ67 ቀናት በኋላ ከ242,000 በላይ እምነቶችን መዝግቦ ነበር። ተመራማሪዎቹ እነዚህን መዝገቦች «እውነታ» ሳይሆን «እምነት» ብለው መጥራታቸውን ልብ ይበሉ፤ ምክንያቱ ከሚቀጥለው ጥያቄ ጋር የተያያዘ ነው።

ጥያቄ፦ የታሪክ መምህር ነኝ። በድረ ገጽ የሚጻፈው ብዙ ነገር ስህተት፣ ወሬ ወይም ሆን ተብሎ የተፈጠረ ሐሰት ነው። እኛ ሰዎቹ እንኳ ለመለየት የምንቸገርበትን ነገር ኮምፒውተር እንዴት ሊለየው ይችላል? ብዙ ባነበበ ቁጥር ብዙ ስህተት አይማርም ወይ?

መልስ፦ ሥጋትዎ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ጸሐፊው የሚሠራውን ስህተትና አንባቢው ኮምፒውተር ሲያነብ የሚሠራውን ስህተት አስቀድመን መለየት አለብን። ብዙ ሰው የሚፈራው የመጀመሪያውን ነው። በተግባር ተመራማሪዎችን ቀድሞ ያስጨነቃቸው ሁለተኛው ነበር።

ከላይ ያነሣሁት ኔል ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። የ67 ቀናቱ ሥራ በሦስት ክፍለ ጊዜ ተከፍሎ ከእያንዳንዱ በናሙና የተወሰዱ እምነቶች በሰው ሲመረመሩ፣ በመጀመሪያው ክፍል ከተመዘገቡት 90 በመቶ ያህሉ፣ በሁለተኛው 71 በመቶ ያህሉ፣ በሦስተኛው ደግሞ 57 በመቶ ያህሉ ትክክል ሆነው ተገኙ። ቀላሉ እውቀት ቀድሞ መለቀሙ አንዱ ምክንያት ነው። ከዚህ የከፋው ምክንያት ግን ትምህርቱ በራሱ ላይ የሚገነባ መሆኑ ነው፤ አንድ የተሳሳተ እምነት አንድ ጊዜ ወደ መዝገቡ ከገባ፣ ሥርዓቱ በሚቀጥለው ዙር ያንን እንደ ትክክለኛ ምሳሌ ይዞ ሌላ ስህተት ይፈልግበታል።

በዚሁ ሥርዓት ላይ የደረሰውን አንድ የታወቀ ምሳሌ ላንሣ። በእንግሊዝኛ «ኩኪ» የሚለው ቃል የብስኩት ስምም ነው፣ ድረ ገጾች በተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ የሚያኖሩት ትንሽ ፋይል ስምም ነው። ኔል የኢንተርኔት ኩኪን ከተጋገሩ ምግቦች ጎራ መደበው። ቀጥሎ ሰዎች «የኢንተርኔት ኩኪዎቼን አጠፋሁ» ብለው እንደሚጽፉ፣ እንዲሁም «ፋይሎቼን አጠፋሁ» ብለው እንደሚጽፉ አየ። የሚጠፋ ነገር ሁሉ የተጋገረ ምግብ ሊሆን ይችላል ብሎ የኮምፒውተር ፋይሎችንም ከዚያው ጎራ ጨመራቸው። እዚህ ላይ አንድም ድረ ገጽ አልዋሸም። ሰዎቹ የጻፉት ሁሉ እውነት ነበር፤ የተሳሳተው አንባቢው ነው።

መፍትሔው ያነሰ ማንበብ አልነበረም፤ እያንዳንዱ እምነት ከሌሎች እምነቶች ጋር እንዲጋጭ ወይም እንዲስማማ አድርጎ ማሰር ነው። ኮምፒውተሩ ከተማንና ስፖርተኛን ለየብቻ ሲማር በቀላሉ ይሳሳታል፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ሲማር ግን አንዱ ሌላውን ይጠብቀዋል፤ ከተማ የሆነ ነገር ስፖርተኛ ሊሆን አይችልምና። «እገሌ ለእገሌ ቡድን ይጫወታል» የሚለው ዝምድና በግራው ሰው፣ በቀኙ ቡድን ካልተገኘ አይመዘገብም። ከዚህም በላይ ኔል አንድን ነገር በተለያየ ዓይን ያየው ነበር፤ አንዱ ክፍል በዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ያሉ ማዕቀፎችን፣ ሁለተኛው በድረ ገጾች ላይ የሚገኙ ሠንጠረዦችንና ዝርዝሮችን፣ ሦስተኛው የስሙን የራሱን ቅርጽ፣ ለምሳሌ አነሣሡንና አጨራረሱን ያያል። አንድ እምነት የሚጸድቀው ከእነዚህ ክፍሎች አንዱ እጅግ እርግጠኛ ሲሆን ወይም ከአንድ በላይ የሆኑት ሲስማሙበት ነበር። (ይህም ዘዴ ዋጋ አለው፤ ዋሽንግተን የሰውም የከተማም ስም ስለሆነ፣ ስምንና በስሙ የሚጠራውን ነገር ለይቶ መያዝ የግድ ይሆናል።)

እንዲህም ተደርጎ ከኔል የእውቀት ዘርፎች፣ ማለትም ከነገር ዓይነቶቹና ከዝምድናዎቹ፣ ሩብ ያህሉ እየተበላሹ መጡ። በዚያው በ2010 ከሰኔ ጀምሮ ተመራማሪዎቹ እያንዳንዱን ዘርፍ በየሁለት ሳምንቱ ለአምስት ደቂቃ ያህል እያዩ ግልጽ ስህተቶችን ማረም ጀመሩ። ይህ በእኔ አስተያየት ከጠቅላላው ታሪክ እጅግ ትምህርት ሰጪው ክፍል ነው። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ እምነቶችን የሚመዘግብ ሥርዓት ከመንገድ እንዳይወጣ የሚያስፈልገው የሰው ጊዜ ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ ግን በወቅቱ መምጣት አለበት። የኩኪው ስህተት ገና አንድ ሳለ ቢታረም ፋይሎቹ አይከተሉትም ነበር።

አሁን ወደ እርስዎ ዋና ሥጋት፣ ወደ ጸሐፊዎች ስህተት ልመለስ። የተለመደው መከላከያ ብዙ ምንጮች የተስማሙበትን ማመን ነው። ይህ የሚሠራው ግን ምንጮቹ ራሳቸውን የቻሉ ሲሆኑ ብቻ ነው። አንድ ሰው አየሁ ያለውን አሥር ሰዎች ሰምተው ቢደግሙት ዳኛ ፊት የሚቆመው ምስክር አንድ ብቻ ነው፤ በበይነ መረብ ላይ ደግሞ አንድ አንቀጽ በሺህ ገጾች ላይ ቃል በቃል ሊገለበጥ ይችላል። ስለዚህ ተደጋጋሚ ቅጂዎችን ለይቶ እንደ አንድ መቁጠር የጥራት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የእውነት ጉዳይ ነው።

የጉግል ተመራማሪዎች በ2014 «ኖውሌጅ ቮልት» በሚል ስም ያቀረቡት ሥራ ነገሩን በቁጥር ያሳያል። ሥርዓቱ ከድረ ገጾች 1.6 ቢሊዮን መረጃዎችን ለቀመ፤ የእያንዳንዱንም እውነት የመሆን ዕድል በቁጥር አሰላ። 90 በመቶና ከዚያ በላይ ዕድል ያገኙት 271 ሚሊዮን ነበሩ። ከተነበበው ውስጥ አንድ አምስተኛው እንኳ በሙሉ ልብ አልታመነም ማለት ነው። ይህን የምቆጥረው ለሥርዓቱ እንደ ምስጋና ነው። በቀጣዩ ዓመት ከዚያው ኩባንያ የወጣ ሌላ ጥናት አንድ የተሳሳተ መረጃ ሲገኝ ጥፋቱ የድረ ገጹ ነው ወይስ መረጃውን የለቀመው ፕሮግራም ነው የሚለውን ለይቶ ለመገመት ሞክሯል። ይህ ካልተለየ እውነተኛ ጸሐፊ በመጥፎ አንባቢ ጥፋት ይቀጣል።

ለታሪክ መምህር አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ እምነቶች ሐሰት የሚሆኑት ጊዜያቸው ስላለፈ ነው። የአንድ አገር ጠቅላይ ሚኒስትር ማን እንደሆነ የሚናገሩ ሁለት ገጾች ቢጋጩ ሁለቱም በየዘመናቸው ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ቀን የሌለው እምነት ለታሪክ አይጠቅምም፤ ለኮምፒውተርም እንደዚሁ።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ዛሬ የምንጠቀምባቸው፣ ለጠየቅናቸው ሁሉ በሙሉ ዓረፍተ ነገር የሚመልሱ የቋንቋ ሞዴሎች እውቀት የሚያገኙት በዚሁ መንገድ ነውን? እምነቶቻቸውስ የት ተመዝግበው ይገኛሉ?

መልስ፦ መንገዱ የተለየ ነው፤ መነሻው ግን ያው ሰው የጻፈው ጽሑፍ ነው። በ2018 ከጉግል የወጣው «በርት» የተባለ ሞዴል ሲሠለጥን ከጽሑፉ ቃላት 15 በመቶ ያህሉ ለግምት ይመረጣሉ፤ አብዛኞቹ ይሸፈኑና በቦታቸው የነበረውን ቃል እንዲገምት ይጠየቃል። ሌሎቹ፣ ለምሳሌ የ2020ው ጂፒቲ-3፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል እንዲገምቱ ይደረጋል። ግምቱ ሲሳሳት በሞዴሉ ውስጥ ያሉ ቁጥሮች በጥቂቱ ይስተካከላሉ፤ በጂፒቲ-3 እነዚህ ቁጥሮች 175 ቢሊዮን ነበሩ። የጎደለ ቃልን በትክክል ለመሙላት ሰዋስው ብቻ አይበቃም። «ዳንቴ የተወለደው በ...» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ጣሊያናዊው ባለቅኔ ዳንቴ የፍሎረንስ ሰው መሆኑን መያዝ ያስፈልጋል። በ2019 የወጣ ጥናት ይህንኑ ምሳሌ ጨምሮ በርካታ መጠይቆችን አቅርቦ፣ ማንም እውነታ ብሎ ያላስተማራቸው ሞዴሎች ብዙ እውነታዎችን በውስጣቸው ይዘው መገኘታቸውን አሳይቷል።

እምነቱ የት አለ ላሉት፣ በአንድ ቦታ የለም። በኔል መዝገብ ውስጥ የተሳሳተውን እምነት ከፍቶ፣ ከየትኛው ዓረፍተ ነገር እንደመጣ አይቶ፣ መሰረዝ ይቻላል። በቋንቋ ሞዴል ውስጥ ግን አንድ እውነታ በእጅግ ብዙ ቁጥሮች ላይ ተበትኖ ስለሚቀመጥ፣ አንዱን ለይቶ ማረም ራሱን የቻለ የምርምር ዘርፍ ሆኗል። ምንጩም አብሮት አይቀመጥም። በእኔ እምነት ባለፉት ዓመታት ከተገኘው ታላቅ ጥቅም ጋር አብሮ የመጣው ትልቁ ኪሳራ ይህ ነው፤ ሞዴሉ ያነበበውን በቅልጥፍና ይናገራል፣ የት እንዳነበበው ግን አያስታውስም።

የዚህ ዓይነቱ እውቀት ምን ያህል ከአጻጻፍ ልማድ ጋር የተጣበቀ እንደሆነ ሁለት ግኝቶች ያሳያሉ። በ2020 የወጣ ጥናት በርትን የመሰሉ ሞዴሎች «ወፎች ... ይችላሉ» ለሚለውም «ወፎች ... አይችሉም» ለሚለውም ባዶ ቦታ «መብረር» የሚል ሙሌት እንደሚሰጡ አሳየ፤ ወፍና መብረር አብረው ስለሚጻፉ አሉታው ሳይታይ አለፈ። በ2023 ደግሞ አንድን ዝምድና በአንድ አቅጣጫ ብቻ ያነበበ ሞዴል በተቃራኒው አቅጣጫ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ እንደሚሳነው ተገለጠ። «የእገሌ እናት እገሊት ናት» የሚለውን ያነበበ ሰው የእገሊት ልጅ ማን እንደሆነ ሲጠየቅ አይቸገርም፤ ሞዴሉ ግን ሊቸገር ይችላል። ከዚያ ወዲህ ሞዴሎች ብዙ ተሻሽለዋል፤ ሆኖም መማሪያቸው የቃላት አብሮ መገኘት መሆኑ አልቀረም።

ለዚህ ነው ከ2020 ጀምሮ ሞዴሉ ከመመለሱ በፊት ከጥያቄው ጋር የሚዛመዱ ጽሑፎችን ፈልጎ እንዲያነብና በእነሱ ላይ ተመሥርቶ እንዲመልስ የሚያደርገው አሠራር እየተስፋፋ የመጣው። ምንጩን ቢጠቅስልዎም ምንጩን ራስዎ ከፍተው ማየትዎን አይተዉ፤ የተጠቀሰው ገጽ የተባለውን የማይልበት ጊዜ አለና።

ጥያቄ፦ አንድ ሥርዓት የተጻፈውን ሁሉ ቢያነብ ሁሉን ያውቃል ማለት ነውን?

መልስ፦ አይደለም፤ ሰዎች ሁሉን አይጽፉምና። ጆናታን ጎርደንና ቤንጃሚን ቫን ደርም በ2013 ባቀረቡት ጥናት በእጅግ ብዙ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ ሰዎች ስለሚያደርጓቸው ነገሮች የተጻፈውን ሲቆጥሩ፣ ሰው ተነፈሰ ከሚለው ይልቅ ሰው ተገደለ የሚለው እጅግ በዝቶ ተገኘ። ዘገየ የሚለውም በሰዓቱ ደረሰ ከሚለው በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። ጽሑፉን እንደ ዓለም መስታወት የሚያይ ኮምፒውተር መግደል ከመተንፈስ የተዘወተረ ነገር ነው ብሎ ሊደመድም ይችላል። ሁሉም የሚያውቀው ነገር ስለማይነገር አይጻፍም፤ የሚጻፈው ያልተለመደው ነው። ድግግሞሽን የእውነት መለኪያ ማድረግ ከዚህ አቅጣጫም አደጋ አለው። በሳይክ ፕሮጀክት የሌናት ሰዎች ተራውን ነገር በእጅ ለመጻፍ የደከሙበት ምክንያት እዚህ ላይ ጎልቶ ይታያል።

ጥያቄ፦ በድረ ገጽ ላይ ጥቂት ጽሑፍ ብቻ ባለው ቋንቋ የሚያነብ ኮምፒውተርስ ምን ይገጥመዋል?

መልስ፦ እስካሁን የዘረዘርናቸው መከላከያዎች አብዛኞቹ በብዛት ላይ የቆሙ ናቸው። አንድ እውነታ በመቶ የተለያዩ ጸሐፊዎች በመቶ ዓይነት አገላለጽ ከተጻፈ ኮምፒውተሩ አንዱን ቢስተው በሌላው ያገኘዋል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ከተጻፈ ግን የሚያመሳክረው የለም። ቃላት በፊትም በኋላም ቅጥያ በሚወስዱበት ቋንቋ ደግሞ ችግሩ ይበረታል፦ ካይሮ፣ ከካይሮ፣ ለካይሮ፣ ካይሮን፣ የካይሮም እያለ አንዱ ስም በብዙ መልክ ስለሚመጣ፣ ያለው ጥቂት ማስረጃ ይበልጥ ይበታተናል።

ብዛትን ለማግኘት ሲባል በፕሮግራም ብቻ የሚሰበሰብ ጽሑፍም ሌላ ጣጣ ያመጣል። በ2022 የታተመ ጥናት ከበይነ መረብ የተሰበሰቡ፣ እያንዳንዳቸው በአንድ ቋንቋ ስም የተሰየሙ 205 የጽሑፍ ስብስቦችን መርምሮ፣ ቢያንስ 15ቱ ለሥራ የሚውል ምንም ጽሑፍ እንደሌላቸው አገኘ። በሌሎች ብዙ ስብስቦችም ከግማሽ በታች የሆነው ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር ተቀባይነት ያለው። የሌላ ቋንቋ ጽሑፍ በስህተት ተሰይሞ ገብቶ ነበር፤ ትርጉም የሌላቸው የቃላት ክምሮችም ነበሩ። ስለዚህ ለእንዲህ ዓይነት ቋንቋ ጽሑፍ የሚሰበስብ ሰው ገጾችን ከመደርደር በፊት ቋንቋው በትክክል መለየቱን፣ ጽሑፉ በማሽን የተተረጎመ አለመሆኑን፣ የተጻፈበት ቀንና ምንጩም አብሮ መያዙን ቢያረጋግጥ ይበጃል። ጥናቱን ያካሄዱት ተመራማሪዎች የተጠቀሙበት ዘዴ ማንም ሊያደርገው የሚችል ነበር፤ ከእያንዳንዱ ስብስብ ጥቂት ዓረፍተ ነገሮችን በናሙና አውጥተው በዓይናቸው አነበቧቸው።